ያልታጠበው ጋቢ

እኔ የሰው ደም ሳይ የምውል ሰው ነኝ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ሆስፒታል ላቦራቶሪ መሥራት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ጣት ወግቼ፣ ጠብታዋን መስታወት ላይ ዘርግቼ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ውዬ ቀና ስል አንገቴ እንጨት ሆኖ ነው የማገኘው። ደም ያነሰውን ሰው ገና በር ላይ ሳየው አውቀዋለሁ እያልሁ እኩራራ ነበር። ከንፈሩን፣ ጥፍሩን፣ ደረጃ ወጥቶ ትንፋሹን ሲሰበስብ አይቼ «ይኼስ አልቋል» እላለሁ፤ ውጤቱ ሲመጣም ብዙ ጊዜ አልሳሳትም። ይኼው እኔ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ የአንዲት ነፍስ ደም ጥቂት በጥቂት ሲያልቅ ሳምንታት ሙሉ አላየሁም። ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ። ይኼን የምጽፈው ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ነው።

አባቴ ያረፈው በጥቅምት፣ ደጋው አገራችን ኮሶዬ ነው። አርባው እንደወጣ እናቴን አዘዞ ወዳለው ቤቴ አመጣኋት፤ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል፣ ብቻዋን ደጋ ላይ ትቻት እንቅልፍ ሊወስደኝ አልቻለም። ሦስት ነገር ይዛ መጣች፤ ልብሷን የያዘች ቦርሳ፣ የአባቴን ጋቢ፣ አፉ በነጠላ በታሰረ ቅርጫት ውስጥ ደግሞ ድመቷን። ድመቷን ሳይ ተቆጣሁ። እኔ ንዴት አያሳድርልኝም፤ የመጣልኝን ተናግሬ ነው የማስበው። አዘዞ ድመት ሞልቷል፣ ጎረቤት ይጣላናል፣ መኪና ውስጥም ሰው ይስቅብናል አልኋት። እናቴ ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አደረገች። ድመቷ እስክንደርስ ድረስ ስታለቅስ መጣች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ «እማማ፣ ልጅዎ ርቧታል» ብሎ ቀለደ። እናቴ ዞራ እንኳ ሳታየው «አባቷ ሞቶባት ነው» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልቀለደም።

አባቴ አልጋ ከያዘ ጀምሮ ድመቷ እግሩ ላይ ነበር የምትተኛው። ጋቢው የመጨረሻ ጊዜ የለበሰው ነው። ሊገንዙት ሲገልጡት እናቴ ጋቢውን ተቀብላ አጣጠፈችና ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ውሃ አይነካውም አለች። ሐዘንተኛ ጠጉሩን ይላጫል፣ ጥቁር ይለብሳል፤ እናቴ ደግሞ በዚያ ላይ ይኼን ጨመረች። አዘዞ እንደደረስን ጋቢውን አልጋዋ ግርጌ ዘረጋችው፤ ድመቷም ወጥታ ዞር ዞር አለችና መሐሉ ላይ ተኛች። ጨርቁ አባቴን አባቴን ይሸት ነበር፤ የገብስ ገለባ፣ ጭስ፣ ላብ፣ ትንሽም የበግ። እውነቱን ልናገርና፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ እኔም ፊቴን እደፋበት ነበር። ስትመለስ ደግሞ «ይኼ ጨርቅ መታጠብ አለበት» እያልሁ እጨቀጭቃታለሁ። እንዲህ ነኝ።

ከገና በኋላ ቁርጭምጭሚቴን ያሳክከኝ ጀመር። ነጭ ካልሲ አድርጌ እናቴ ክፍል ስገባ ጥቁር ነጥብ ካልሲዬ ላይ ዘሎ ያርፋል። ጮህሁባት። እሷ ግን ምን እንዳስጮኸኝ ነው ግራ የገባት፤ ቁንጫ ያልበላው ደገኛ አለ ወይ፣ አንቺንስ በቁንጫ መሐል አይደል ያሳደግሁሽ አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ አገር ቁንጫ እንደ ብርዱ ነው፤ ያለ ነው፣ ይነክሳል፣ ይታከካል፣ ያልፋል። በሽታ ብሎ የሚቆጥረው ሰው አላውቅም። ስሙ ቢነሣም ለተረብ ነው፤ ከሌለው ሰው ላይ ሊያገኝ የሚቋምጠውን «ከቁንጫ መላላጫ» ብለው ይስቁበታል። ከቁንጫ የሚገኝ እንደሌለ እናውቃለን፤ ቁንጫ ከእኛ ምን ያህል እንደሚያገኝ ግን ያሰበ የለም። እኔም የኔን ክፍል ወለል ነጭ ጋዝ ጠብ ባደረግሁበት ውሃ ወልውዬ ነገሩን ተውሁት።

የካቲት ላይ ድመቷ ተለወጠች። መስኮት ላይ መዝለል ተወች። ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄድ መሐል ላይ ትቆምና፣ የምትሄድበትን የረሳች ይመስል፣ እዚያው ትተኛለች። ጆሮዋን ስነካው ቀዝቃዛ ነው። ሮዝ የነበረው አፍንጫዋ እንደ ጧፍ ነጣ። ከዚያ ግድግዳውን መላስ ጀመረች። ቤቴ በጓሮ በኩል ገና አልተለሰነም፤ ብሎኬቱ ከውስጥም ራቁቱን ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ፊቷን ወደ ብሎኬቱ አዙራ ትልሳለች። ደረቅ ምላስ ሲሚንቶ ላይ ሲሄድ ያለው ድምፅ ቤቱን ሞልቶታል። ውርዬ ብዬ ብጠራት አልዞረችም። በማግሥቱም እዚያው ቦታ፣ በሠልስቱም እዚያው። ውሎ አድሮ ብሎኬቱ ላይ የለሰለሰ፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ክብ ቦታ ወጣ። እናቴ ያ ግድግዳ ወደ ኮሶዬ የሚያይ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ወደ ጎረቤት ሽንት ቤት የሚያይ ነው አልኋት። ሳስበው ግን የሁለታችንም ልክ ነበር።

«አባትሽ እየጠራት ነው» አለችኝ አንድ ቀን። ሚኒባሱ መጣ እንደሚባለው፣ እንዲያው በደህና ድምፅ ነው የተናገረችው። እሷን ከወሰደ የሚቀጥለው እኔን ነው፣ ቅደም ተከተሉ እንዲያ ነው አለች። እኔ ሳቅሁ። እሷ ተነሥታ ከቦርሳዋ ሥር አንድ ያልተነካ ነጭ ጨርቅ አወጣች፤ ለመገነዣዋ ብላ ከብዙ ዓመት በፊት የገዛችው ነው። ፀሐይ ይምታው ብላ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀለችው። የሞትሁ ለት መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ የት ልታሳርፊኝ ነው ብላም ጠየቀችኝ። ያኔ ሳቄ ጠፋ። እህል መቀነሷን ያየሁትም ያኔ ነው፤ ሁዳዴ ገብቷል፣ ጾም ነው ትላለች፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምትቀምሰው ግን ሁለት ጉርሻ አይሞላም። ጣቷን ወግቼ ደሟን ወሰድሁ፤ አንሶ አገኘሁት። አትበላም፣ ታዝናለች፣ ስለዚህ ነው አልሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ድመቷ ካልዳነች እናቴም እንደምትከተላት ገባኝ፣ ከምን እንደማድናት ግን አላወቅሁም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በትንሽ ጀሪካን ጠበል ይዛ መጣች። ድመቷ ጋቢው ላይ ነበረች። እናቴ በመዳፏ እየዘገነች ድመቷንም፣ ጋቢውንም፣ ግድግዳውንም ረጨች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ በዚህ ብርድ ልትጨርሳት ነው እያልሁ በሆዴ እነጫነጫለሁ። ድመቷ ጠብታው ሲያርፍባት እንኳ አልተነሣችም፤ ድመት ውሃ ነክቷት ዝም ስትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእናቴ እጅ ድንገት አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ጠብታዎቹ ባረፉበት ቦታ ጋቢው ይቀላ ጀመር። መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ ከዚያ አምስት ስድስት፣ ከዚያ ውሃው በነካው ሁሉ። ማንም ያልቆሰለበት ጨርቅ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ እያየችው፣ ፊታችን ደማ።

እናቴ አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ደሙ ነው» አለች። የማንን ደም እንደምትል አልጠየቅኋትም። ያ ቀለም ምን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ ቤት አልነበረም፤ ቡና የገባበት ቀይ፣ የቆየ ደም። ወደ ግቢ ወጥቼ አማተብሁ፤ የተማርሁት ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ገመዱ ላይ የእናቴ መገነዣ በነፋሱ ይውለበለባል። ቆሜ ሳየው ከፍርሃቴ ይልቅ ኀፍረቴ በለጠና ተመለስሁ።

ጋቢው ውሃ ባልነካው በኩል፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ይመስል፣ ጥቃቅን ጥቁር ነገር ሞልቶታል። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ አንዷን ተጫንኋት፤ ጣቴ ሥር ቀላች። ሌላዋን ተጫንሁ፣ ቀላች። ከዚያ የድመቷን ጠጉር ከጭራዋ ሥር ወደ ኋላ ገለጥሁት። ያየሁትን እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ይበላኛል፤ ቆዳዋ ይንቀሳቀሳል። ቁንጫው ተደራርቦ ይሮጣል፣ ሥሩ ሁሉ ያው ጥቁር አዝሙድ ነው። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለበጥሁት፣ ወረቀት ነው። ድዷን አየሁ፣ ወረቀት። ቁንጫ የጠጣውን ደም መልሶ ይጥለዋል፤ ደርቆ ይቀመጣል፣ ውሃ ሲያገኝ መልሶ ደም ይመስላል። በአባቴ ጋቢ ላይ የነበረው የድመቷ ደም ነው፣ ሳምንታት ሙሉ የፈሰሰ።

ለእናቴ ቁንጫ ነው አልኋት፣ አሳየኋት፣ ጣቷን ይዤ አስነካኋት። ቁንጫ ነፍስ አያወጣም አለች። ድመት ይገድላል አልኋት፤ ይኼን እኔም ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ መሆኑን ዋጥሁት። ኋላ ላይ ያልሁትን ስታምን እንኳ፣ ያሳየሽ ማይክሮስኮፕሽ አይደለም፣ ጠበሉ ነው ብላኛለች።

ሰኞ ድመቷን በካርቶን ይዤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ረጋ ያለ፣ እጁ የከበደ ሽማግሌ ነው። ድዷን አየ፣ ጠጉሯን ገለጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። ድሮም አርጅታለች፣ ከምትተካው ደም የወጣባት በልጧል አለ። ሲሚንቶ መላሷም ከዚያው ከደም ማነሱ ነው አለኝ፤ ደማቸው ሲያልቅ አፈር፣ ግድግዳ፣ ያገኙትን ይልሳሉ። መርፌ ወጋት። በግ የሚታጠብበትን መድኃኒት ጠጉሯ ላይ እንዳላፈስ አስጠነቀቀኝ፣ ስትልሰው ትሞታለች። በጥቅጥቅ ሚዶ እያበጠርን የወጣውን ሳሙና ውሃ ውስጥ እንድንደፋ፣ ጉበት እንድናበላት ነገረኝ። ከሁሉ በላይ ግን የምትተኛበት ጨርቅ በፈላ ውሃ ይታጠብ አለ። ድመቷ ላይ ያየሽው ጥቂቱ ነው፤ የቁንጫው እንቁላልም ልጅም ጨርቁ ውስጥ ነው አለኝ። ልጁ ራሱን በድር ጠቅልሎ ይተኛል፣ ወራት ሊተኛ ይችላል፤ ሙቀት ያለው ነፍስ አጠገቡ ሲያልፍ ያን ጊዜ ይነቃል። ይኼን ሁሉ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

እናቴ መርፌውንም ሚዶውንም ጉበቱንም ተቀበለች። የኛ ሥጋ ቤቶች ለጾሙ ተዘግተው ስለነበር ጉበቱን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዛሁ፤ እሷም ዕቃዬ እንዳይረክስ ብላ አሮጌ የወተት ጣሳ ለየችለት። ጋቢው ላይ ስንደርስ ግን ፊቷ ጠቆረ። ድመቷን አድኚ፣ እሱን አትንኪው አለችኝ። ለመንኋት፣ አስረዳኋት፣ በመጨረሻ አፌ አመለጠኝ።

«እንግዲያው አብራችሁ ሙቱ» አልኋት።

ምነው ምላሴን በቆረጠው። እናቴ አልተቆጣችም፤ ተነሥታ ድመቷ አጠገብ ጋቢው ላይ ጋደም አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግሥቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሥራ ቀረሁ። ሳፋውን አወጣሁ፣ ውሃ ጣድሁ፤ ተደብቄ ላጥበው ነው። ጋቢውን ሳነሣው ሽታው መጣ። ውሃው እየፈላ ነው፣ እኔ ጋቢውን አቅፌ ቆሜአለሁ። ከዚያ መቀስ አመጣሁ። አባቴ ሲከናነበው አንገቱ ላይ ትውል ከነበረችው ጠርዝ መዳፍ የምታክል ቆረጥሁ። ለናሙና ከምንጠቀምበት በአፉ ከሚገጥም ፕላስቲክ አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ከትቼ ገጥሜ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከሹራቦቼ ሥር ሸጎጥኋት። አንዲት መዳፍ፣ በተዘጋ ፕላስቲክ ምን ታመጣለች አልሁ። የቀረውን ለማጠብ ግን እጄ አልታዘዘኝም። እሳቱን አጠፋሁ፣ ጋቢውን ቦታው መለስሁ፣ ሥራ ገባሁ።

ማታ ስመለስ ጋቢው ገመድ ላይ ነበር። መገነዣው ወርዷል፤ በቦታው ጋቢው ተሰጥቶ ይንጠባጠባል። ሳፋው ውስጥ የቀረው ውሃ ቀይ ቡናማ ነው። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ከፈላው ውሃ ያበጡ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እሱ ሞቷል» አለችኝ። «እሷ አልሞተችም።»

የተቆረጠችው ጠርዝ ፊት ለፊታችን በነፋሱ ትወዛወዛለች። የእናቴ ዓይን ደክሟል፣ አላየችውም አልሁ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ቁራጯን አምጥቼ እሳት ውስጥ ብጥላት ይኼ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ሸጋ ነበሩ። ሥራ ስጨርስ ከእናቴ ጋር ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን፤ እሷ ድመቷን ትይዛለች፣ እኔ አበጥራለሁ፣ ሚዶውን ሳሙና ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። እናቴ የሞተውን እየቆጠረች ታሾፍብኛለች፤ ነርስ ብትሆኚ ኖሮ በሽተኛ ይፈራሽ ነበር ትለኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሳፋው ይጠቁር ነበር፣ ከዚያ ቀነሰ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ። ድመቷ ግድግዳውን ተወችው። ፋሲካ ሲደርስ አፍንጫዋ እንደገና ሮዝ ሆነ፣ መስኮቱ ላይም ወጣች። እናቴ ከድመቷ እኩል በላች ብል አላጋነንሁም። መገነዣዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ሥር መለሰችው፣ ስለ ቅደም ተከተሉም ማውራት ተወች። ደሟን እንደገና አየሁት፣ ተነሥቷል። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ለባልደረቦቼ ስለ ድመት ሳወራ ሰለቹኝ።

እኔ ግን አልፎ አልፎ ክፍሌን ዘግቼ ፕላስቲኳን እከፍት ነበር። አንድ ቀን ስከፍታት አባቴ ቀንሷል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። እንዳይጠፋብኝ ብዬ ቁራጯን ከፕላስቲኩ አውጥቼ በአንድ የሱፍ ሹራቤ ጠቀለልኋት። የሚሞቅ፣ የሚጨልም፣ ማንም የማይነካው ቦታ ሰጠኋት። የሐኪሙ ቃል ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል፣ ይኼን ያህል ሳምንት ቆይቶ ምን ይኖራል አልሁ።

ግንቦት ሲገባ ድመቷ ቁም ሳጥኑ ፊት መቀመጥ ጀመረች። እግሯን ሰብስባ፣ ጭራዋን ጠቅልላ፣ የተዘጋውን በር እያየች ትቀመጣለች። ሰው ሲደባብሳት እንደምታንኮራፋው ታንኮራፋለች፤ የሚደባብሳት ግን የለም። እናቴ ምግብ ይዛ ብትጠራትም አትነሣም። አንድ ቅዳሜ እናቴ መጥታ ከኋላዋ ቆመች። ሁለቱም በሩን ያያሉ።

«ምን አለ እዚያ ውስጥ?» አለችኝ።

«ልብስ» አልኋት።

የቁም ሳጥኑ በር ሁልጊዜ በደንብ አይገጥምም። ሥራ ስውል ድመቷ በጥፍሯ እየከፈተች ትገባ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔም ግን ሹራቤ ላይ የድመት ጠጉር አይቻለሁ። ጥቁር አዝሙድም አይቻለሁ፤ ሁለት ፍሬ፣ በቃ የክር ብናኝ ነው ብዬ አራገፍሁት። ምራቄን ነክቼ ልጫነው እችል ነበር። ሥራዬ አይደል? ብጫነው የሚሆነውን ስለማውቅ ነው ያልተጫንሁት። እናቴ የድመቷ አፍንጫ እየነጣ ነው አለችኝ፤ ይመስልሻል አልኋት። እንደገና ሰውነቷ ቀዘቀዘ አለችኝ፤ እርጅና ነው አልኋት። እኔ፣ ደም ያነሰውን በር ላይ የማውቀው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እናቴ ስልክ ደወለችልኝ። እሷ መደወል አትወድም። ነይ ብቻ ብላ ዘጋችው።

ስደርስ ክፍሌ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ በተከፈተው ቁም ሳጥን ፊት ተቀምጣለች። ድመቷ ጭኗ ላይ ናት፤ ርዝመቷ ጨምሮ ታየኝ፣ የሞተ እንስሳ ይረዝማል። ሹራቤ መሬት ተዘርግቷል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ እሱ ላይ ነው ያገኘቻት፣ ቁራጯ ጨርቅ ላይ አገጯን አስደግፋ። እናቴ ቁራጯን በእጇ ይዛታለች። ተንበርክኬ የድመቷን የዓይን ቆብ ገለበጥሁ፤ ለምን እንዳደረግሁት እንጃ፣ እጄ ለምዶ ነው። ወረቀት።

አላውቅም ነበር ልላት አፌን ከፈትሁ። አውቅ ነበር።

እናቴ ቁራጯን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አንድ ጊዜ፣ ረዘም አድርጋ አሸተተቻት። ከዚያ ዘርጋ አድርጋ ሰጠችኝ። ጋቢውን ስታጥብ የጎደለችውን ጠርዝ ያን ቀኑኑ አይታታል። በመቀስ መቆረጧንም፣ ማን እንደቆረጣትም ያኔውኑ አውቃለች። ለልጄም አባቷ ነው ብላ ተወችው፤ ሳታፈላ አታስቀምጣትም ብላ አምናኝ ኖሯል። ይኼን ሁሉ ሳትቆጣ፣ የድመቷን ጆሮ እያሻሸች ነገረችኝ። ሲያበቃ ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ የኔን አጥቤ ነበር» አለችኝ።

ተነሥቼ ውሃ ጣድሁ። እናቴ የሞተችውን ታቅፋ መጥታ ውሃው እስኪፈላ ከኋላዬ ቆመች። ሲንተከተክ ቁራጯን ጣልኋት፤ ውሃው ቀላ፣ እንፋሎቱም ለአፍታ አባቴን ሸተተና ቆመ።